ከተበ ማለት ጻፈ ማለት ነው

“ከተበ” የሚለውን ግስ ልብ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? በአማርኛችን ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው ጻፈ ማለት ነው፤ እገሌ መጽሐፍ ከተበ እንላለን። ሁለተኛው ክንድ ጭሮ ወይም ወግቶ የበሽታ መከላከያ ሰጠ ማለት ነው፤ ልጁን ከተበችው እንላለን። ክታብም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ተጽፎ በአንገት የሚንጠለጠል፣ ከክፉ ይጠብቃል የሚባል። ዘመኑን በሙሉ ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው እንዲህ ያለ ቃል ሲያገኝ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም።

አባቶቻችን አስበውበት፣ መክረውበት ነው ሁለቱን ትርጉም በአንድ ቃል ያሰሩት አልልም። ቃል እንደ እግር መንገድ ነው፤ ሰው ሲመላለስበት ነው የሚወጣው። ሆኖም የአገራችንን የወረርሽኝ ታሪክ ያየ ሰው፣ ሁለቱ ትርጉሞች በእርግጥም አንድ ላይ መዋል የሚገባቸው ሆነው ያገኛቸዋል። የጻፍንበት ጊዜ ተከትበናል፤ ሳንጽፍ የቀረንበት ጊዜ ተመትተናል።

ዛሬ በየስብሰባው “የሕብረተሰብ ጤና አደጋዎች ዝግጁነትና ምላሽን የሚያጠናክር ምርምር” ሲባል እንሰማለን። ስሙ ረጅም ነው፤ ነጭ ጋዋን የለበሱ ሰዎችና ውድ ማሽኖች ይታዩናል። ማሽኑም ያስፈልጋል። የነገሩ ሥር ግን ከዚህ ይቀላል፦ ማን ታመመ? የት? መቼ? ስንት? ምን አደረግን? ምን ሠራ? ምንስ አልሠራም? እነዚህን ጥያቄዎች በሽታው ሳይመጣ መጠየቅ፣ ሲመጣ መመዝገብ፣ ሲሄድ ደግሞ መዝገቡን አለመጣል። ይኸው ነው። “ሳይቃጠል በቅጠል” የሚለው ተረታችን ጠቅልሎታል። ታሪካችን በዚህ ሚዛን ሲመዘን ምን ይመስላል? እስቲ እንየው።

ከሁላችንም ጆሮ ከማይጠፋው ልጀምር፤ ከኅዳር በሽታ። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ባበቃበት ሰሞን፣ ዓለምን ሲያጭድ የከረመው ኢንፍሉዌንዛ በአዲስ አበባ በረታ። ፈረንጆቹ “የስፔን ጉንፋን” አሉት፤ እኛ በጠናበት ወር ስም ጠራነው። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን ታመው ተረፉ። በከተማዋ የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ከእነሱም በዚያው በሽታ የሞቱ አሉ። ቤተሰብ እንዳለ ተኝቶ ውሃ የሚያቀብል ጠፋ፤ መቃብር የሚቆፍር ጉልበት ታጣ።

ስንት ሰው ሞተ? በዋና ከተማዋ ከ5,000 እስከ 10,000 ይላል ግምቱ፤ ከዚያም በላይ የሚሉ አሉ። እዚህ ላይ ቆም እንበል። በግምቱ ጫፍና ጫፍ መካከል 5,000 ሰው አለ። እነዚህ 5,000 ሰዎች ይኑሩ ይሙቱ፣ መዝገቡ አያውቅም። ስም የነበራቸው፣ እናት የነበራቸው፣ ዕዳ የነበረባቸው ሰዎች ናቸው፤ ለታሪክ ግን “ወይም” የሚባል ቃል ሆነው ቀሩ። ከከተማዋ ውጭ ስላለቀው ሕዝብ ያለን ወሬ ደግሞ ከዚህም የሳሳ ነው።

ይህችኑ ያህል እንኳ እንድናውቅ ካደረጉን ሰዎች አንዱ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም መሥራችና የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት ሪቻርድ ፓንክረስት ናቸው። ስለ ኅዳር በሽታ ጥናታቸውን ሲያወጡ ግን በሽታው ካለፈ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ግማሽ ምዕተ ዓመት! በዚያ መካከል ልጅ የነበረው ሸምግሏል፣ ያየው ሞቷል፣ የሰማው ረስቷል። የታሪክ ጸሐፊ ከዕለታት በኋላ መጥቶ ፍርፋሪውን ሊለቅም ይችላል፤ በዚያን ዕለት ያልተቆጠረውን ሬሳ ግን ሊቆጥር አይችልም።

ለትዝታው የቀረልን ጭስ ነው። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን፣ የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ አዲስ አበባና ሌሎችም ከተሞች ቆሻሻቸውን ሰብስበው ሲያቃጥሉ ይውላሉ። “ኅዳር ሲታጠን” ይባላል። መነሻው ያ በሽታ እንደሆነ ይነገራል። ልማዱን አልንቅም። ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ የሕዝብ ትዝታ ነው፤ ስንት ሐውልት ያልቻለውን ችሏል። የሚያሳዝነኝ የቀረው ነገር ነው። በሽታው በትንፋሽና በመቀራረብ እንደሚሄድ፣ ሕመምተኛውን ማን ቢያስታምመው እንደተረፈ፣ የትኛው ሰፈር ቀድሞ እንደተመታ የሚነግረን የለም። ጭሱ ደርሶናል፤ ትምህርቱ አልደረሰንም። “በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” ማለት ይህ አይደል?

አሁን ወደ 40 ዓመት ገደማ ወደፊት እንለፍ። በ1950 ክረምትና በ1951 መባቻ (እ.ኤ.አ. 1958) ሌላ መዓት መጣ። ስሙ አዲስ አልነበረም፤ ወባ ነው። አዲሱ ነገር የመጣበት ቦታ ነበር። ደገኛው ወባን ያውቃታል፤ የቆላ በሽታ ናት፣ ቆላ ወርደህ አትደር ይላል፤ ራሱ ግን ከፍ ብሎ ተቀምጧልና አይፈራትም። በዚያ ዓመት ዝናቡ ከልኩ አለፈ፣ ሙቀቱና እርጥበቱም ከወትሮው በላይ ሆነ። ትንኟ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ወዳለው አገር ወጣች። ባሕር ዳርንና ጅማን የሚያህል ከፍታ ማለት ነው። እዚያ ያለው ሰው ለበሽታው ሰውነቱ አልተለማመደም። በግምት 3 ሚሊዮን ሰው ታመመ፤ 150,000 ሰው ሞተ።

ከኅዳር በሽታ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ይህኛው ተጻፈ። ፎንቴን፣ ናጃርና ፕሪንስ የተባሉ ባለሙያዎች የሆነውን ሁሉ መርምረው፣ ከፍታውን ለክተው፣ ዝናቡንና ሙቀቱን ከቀደሙት ዓመታት ጋር አስተያይተው እ.ኤ.አ. በ1961 በአንድ የሐሩር አገር ሕክምና መጽሔት አሳተሙት። ያ ጽሑፍ ዛሬም በወባ ላይ የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቅሱት ነው። ዋናው ግኝቱ፣ በቀላል አማርኛ፣ የደጋ ወባ ዱብ ዕዳ አይደለም የሚል ነው። ከመምጣቱ በፊት ደመናው፣ ዝናቡ፣ ሙቀቱ ይናገራል፤ የሚሰማው ካለ። ከወረርሽኙ ማግስትም መንግሥት የወባ ማጥፊያ አገልግሎትን አቋቋመ፤ ዲዲቲ የተሸከሙ ሰዎች በየጎጆው ግድግዳ ላይ ሲረጩ የሚያስታውስ አንባቢ ጥቂት አይደለም።

የዚያ ሐሳብ የልጅ ልጅ ዛሬ በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። እንዲህ ነው የሚሠራው፦ የጤና ባለሙያዋ በየሳምንቱ በወባ የታመመውን ሰው ትቆጥራለች። ያንን ቁጥር፣ ባለፉት 5 ዓመታት በዚያችው ሳምንት ከታየው ጋር ታስተያያለች። ከ5ቱ ሁለተኛውን ከፍተኛ ቁጥር ወስዳ መስመር ታሰምራለች፤ የዘንድሮው ያንን መስመር ካለፈ ደወል ነው፣ ለወረዳ ይነገራል። ኮምፒዩተር አይጠይቅም፤ እርሳስና ማስመሪያ ይበቃዋል። አንድ ነገር ግን የግድ ይላል፤ ያለፉት 5 ዓመታት ተጽፈው መገኘት አለባቸው። መዝገቡ የተቃጠለበት፣ የጠፋበት፣ ሠራተኛው የተፈናቀለበት ጤና ጣቢያ መስመሩን የሚያሰምርበት ነገር የለውም። ቢበዛ የአምናውን አስታውሶ፣ እጥፍ ሆኗል አልሆነም ብሎ መገመት ነው።

ይህ ተራ ነገር እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር መጀመሪያ እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ 7.3 ሚሊዮን የወባ ሕመምተኛና 1,157 ሞት መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። ጦርነት ጤና ተቋም ሲያፈርስ ሕንፃው ብቻ አይደለም የሚፈርሰው። መስመሩም አብሮ ይጠፋል።

ሦስተኛው ታሪክ ፈንጣጣ ነው፤ እዚህ ላይ እንኳ በደስታ ነው የምጽፈው። ሕዝባችን ፈንጣጣን ያውቀው ነበር፤ ከብዙ ዘመን ጀምሮም ከቀላል ሕመምተኛ ቁስል መግል ወስዶ የጤነኛውን ክንድ ጭሮ የሚያስገባ የአገር ባለሙያ ነበረው። ይኸው ነው እንግዲህ ጥንታዊው “ከተበ”። አንዳንዴ ያድናል፤ አንዳንዴ ደግሞ ራሱ በሽታውን ያዛምታል።

የዓለም ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ ኢትዮጵያ ውስጥ የተጀመረው በጥር 1963 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1970፣ አገሪቱ ሪፖርት ያደረገችው የፈንጣጣ ሕመምተኛ 722 ብቻ ነበር። ዘመቻው በተጀመረበት ዓመት ስንት ሆነ ትላላችሁ? 26,329! ወረርሽኝ ገባ እንዴ? ኧረ የለም። የሚፈልግ ሰው ተገኘ እንጂ። በሽታው ዱሮም ነበረ፤ ያልነበረው የሚቆጥረው ነው። አንድ ሚኒስትር እንዲህ ያለ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ ሲያይ ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም። አምና 722፣ ዘንድሮ 26,000! የሹመት ነገር ነውና “ይህን ነገር ደጋግማችሁ ቁጠሩልኝ” ማለት ይመጣል። ቁጥሩ ግን ወጣ፤ ለዓለምም ተነገረ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ 17,000 ወረደ፤ ከዚያ ወደ 5,400 ገደማ። መውረድ የቻለው መጀመሪያ እንዲወጣ ስለተፈቀደለት ነው።

ዘዴውም በምርምር የተገኘ ነው። ቀድሞ የነበረው ሐሳብ ሁሉን ሰው መከተብ ነበር። 25 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ፣ አብዛኛው ከመኪና መንገድ የቀናት ጉዞ ርቆ፣ እንዴት ተደርጎ? እ.ኤ.አ. በ1966 መጨረሻ ናይጄሪያ ውስጥ ክትባት ሲያጥራቸው ዊልያም ፌጊና ባልደረቦቻቸው ሌላ ነገር ሞከሩ፦ ሕመምተኛውን ፈልጎ ማግኘት፣ በዙሪያው ያሉትን ሰዎች መከተብ፣ በሽታውን እንደ ሰደድ እሳት ዙሪያውን ጠርጎ መክበብ። ሠራ። ያው ዘዴ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ሠራተኞቹ የታመመ ሕፃን ፎቶግራፍ ያለበት ካርድ ይዘው ገበያ ይወጣሉ፤ ተማሪ ቤት ይገባሉ፤ “ይህን የመሰለ ሕመም ያለበት ሰው በአካባቢያችሁ አለ?” ይላሉ። ከነገራቸው ሰው ጋር በእግር፣ በበቅሎ ይሄዳሉ። ሁለት ጥርስ ባላት ትንሽ መርፌ ይከትባሉ። ኢትዮጵያውያን የጤና ሠራተኞች ነበሩ፤ ከአሜሪካ፣ ከጃፓንና ከኦስትሪያ የመጡ በጎ ፈቃደኞችም ነበሩ። ከጊዜ በኋላ ሄሊኮፕተር መጣ፤ እሱም በየግጭቱ ቀጣና ሲያርፍ የታገተበት ጊዜ አለ። በመካከሉ መንግሥት ተገለበጠ፤ አገሩ ታመሰ። ሥራው አልቆመም።

ጎጃም ላይ ከአገሬው ከታቢዎችና ከሕዝቡ ተቃውሞ ገጠማቸው። የእኛ አገሩ ፈንጣጣ ገዳይነቱ ቀላል፣ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው የሚገድል ዓይነት ስለነበር ሰዉ “ደግሞ ለዚህ!” ይል ነበር። ስለዚህ ምርምሩ የቫይረሱን ጠባይ ብቻ ማወቅ አልበቃውም። የሰውን ጠባይ፣ የገበያ ቀኑን፣ የባላባቱንና የቄሱን ነገር፣ ማን ሲናገር ማን እንደሚሰማ ማወቅ ነበረበት። እንዲህ እንዲህ እያለ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በባሌ በረሃ፣ ኤል ከሬ ውስጥ ዲሞ በምትባል መንደር የመጨረሻዋ የኢትዮጵያ የፈንጣጣ ሕመምተኛ ተመዘገበች። ከአንድ ዓመት ጥቂት በኋላ፣ በጥቅምት 1970 ዓ.ም.፣ ሶማሊያ ውስጥ መርካ ላይ የዓለም የመጨረሻው የተፈጥሮ ፈንጣጣ ታየ። ዲሞንና መርካን የሚያውቅ የትምህርት ቤት ልጅ ስንት ይሆን?

እስካሁን የተናገርኩት መጻፍ ስለማዳኑ ነው። ጽፎ መርሳትም አለ፤ አራተኛው ታሪኬ ስለ እሱ ነው።

ከ1953 እስከ 1955 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በኦሞ ሸለቆና በአካባቢው ቢጫ ወባ ገባ። ስሙ ወባ ይባል እንጂ ከወባ ጋር ዝምድና የለውም፤ ቫይረስ ነው፣ ጉበትን ይመታል፣ ዓይን ቢጫ ያደርጋል። በግምት 100,000 ሰው ታሞ 30,000 ያህል ሞተ። አፍሪካ በታሪኳ ከመዘገበቻቸው ከባዶቹ የቢጫ ወባ ወረርሽኞች አንዱ ነው። ያኔ አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት የሚባል ነበር፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የምንለው ተቋም የዘር ሐረጉ ወደዚያ ይመዘዛል። ተመራማሪዎቹ ወርደው ትንኟን አሳደዷት። አንዷ አስተላላፊ የት ስትፈለፈል አገኟት? እንሰት ላይ። የእንሰት ቅጠል ከግንዱ ጋር በሚጋጠምበት ሥርጉድ ውስጥ የዝናብ ውሃ ይቋጥራል። ጎደሬም እንዲሁ። የደቡብ ሰው ጓሮው የሚተክላት፣ ድርቅን የሚያሸንፍባት፣ ቆጮ የሚጋግርባት ተክል ለትንኟም ቤት ሆናለች። ይህን ለማወቅ የእንሰትን ጓሮ መዞር የግድ ነው፤ ሌላ አገር የተጻፈ መጽሐፍ አይነግርህም።

ጥናቱ በሚገባ ተጻፈ፤ በፈረንሳይኛ፣ በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ። ከዚያስ? መደርደሪያ። በ2005 ዓ.ም. ደቡብ ኦሞ ላይ ቢጫ ወባ ተመልሶ ታየ። በ2010 መጨረሻና በ2011 መጀመሪያ ወላይታ፣ ኦፋ ወረዳ ላይ ታየ። በ2012 ደግሞ ጉራጌ፣ እነሞርና ኤነር ላይ። የእንሰት አገር ናቸው። በየጊዜው ባለሙያዎች ወጡ፤ ክትባት ተሰጠ፤ ወረርሽኙም ታገደ፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ግን እንሰት ጓሮ ያላት እናት፣ ከ50 ዓመት በፊት ስለ ጓሮዋ የተጻፈውን ነገር በምትሰማው ቋንቋ የነገራት ማን ነው? “ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም” ይባላል። ወረቀቱስ አልለቀቀም። እኛ ነን ወረቀቱን የለቀቅነው።

አምስተኛው አጭር ነው፤ ስለ ስም። በ1998 ዓ.ም. ከጋምቤላ ተነስቶ ብዙውን የአገሪቱን ክፍል ያዳረሰ ተቅማጥና ትውከት ነበር። በይፋ የተሰጠው ስም “አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት” ሆነ፤ አሳጥረን “አተት” አልነው። አተት ደግሞ ከአፍ ለመውጣት ቀላል ናት፤ አታስፈራም፤ የጨዋታ ስም ትመስላለች። በ2008 ክረምትም አዲስ አበባ ላይ ያው ስም ነበር። ሕዝቡ በልቡ ኮሌራ ይላል፤ ወረቀቱ አተት ይላል። እንዲህ ያለ ስም የሚመረጠው ገበያና ቱሪስት እንዳይሸሽ ነው ይባላል። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” የሚለው ተረት የተተረተው ለግለሰብ ብቻ አይመስለኝም። ስሙ ያልተጻፈ በሽታ፣ ክትባቱም አይጠየቅለትም፤ ጥናቱም ርዕስ የለውም። በ2011 ዓ.ም. ወረርሽኝ ጊዜ ግን ኮሌራ በስሙ ተጠራ። ትልቅ ነገር ነው። አንድ ቃል ለመጻፍ 13 ዓመት ፈጀብን እንጂ።

ታዲያ አሁን የት ነን? ጨለማ ብቻ አላወራም፤ ፍትሐዊ አይሆንም። ሁለት ቀኖችን አጠገብ ለአጠገብ እናስቀምጥ። በ2012 ዓ.ም. ጥር ላይ ኮቪድ ከቻይና ወሬው ሲመጣ፣ ከተጠረጠሩ ሰዎች የተወሰደው ናሙና በአውሮፕላን ደቡብ አፍሪካ ይላክ ነበር። አገር ውስጥ የሚመረምር ላቦራቶሪ አልተዘጋጀም። በሳምንታት ውስጥ ምርመራው አዲስ አበባ ላይ ተጀመረ፤ መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው ሕመምተኛ ሲገኝ ውጤቱን ያወቅነው እዚሁ ነው። ከዚያ በ2018 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ አያችሁ ኅዳርን!፣ ጂንካ ላይ ሰው የሚገድል ትኩሳት ታየ። ደቡብ ኦሞ፤ ያው የቢጫ ወባው አገር። ማርበርግ ነበር፤ ክትባትም ሆነ የተፈቀደ መድኃኒት የሌለው። ያረጋገጠው የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ላቦራቶሪ ነው። ስሙ ወዲያው ተነገረ። የጤና ሠራተኞች ጭምር ሕይወታቸውን ከፍለዋል። ንክኪ የነበራቸው ሰዎች አንድ በአንድ ተመዝግበው፣ በየቀኑ ትኩሳታቸው ተለክቶ፣ በጥር ወር ወረርሽኙ ማብቃቱ ታወጀ።

በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ሌሊት አልመጣም። የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ ሥልጠና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከተጀመረ ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ወረርሽኝ ሲነሳ ጫማውን አስሮ የሚወጣ ትውልድ ተፈርቷል። በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ። ምርምሩም ዝም አላለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ላይ አንዲት እንግዳ የወባ ትንኝ ተገኘች፤ አኖፊለስ ስቴፈንሲ ትባላለች፣ የእስያ ናት። የእኛዎቹ የክረምትና የገጠር ሲሆኑ ይህችኛዋ ከተማ ትወዳለች፤ በበርሜልና በሮቶ ውሃ ትፈለፈላለች፤ በጋ አይበግራትም። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ላይ በደረቁ ወቅት ወባ ሲነሳ፣ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ሰዎች ወረርሽኙ ገና ሳይበርድ ገብተው፣ የታመመውንና ያልታመመውን አስተያይተው፣ ጥፋቱ የዚህችው ትንኝ መሆኑን አሳዩ። በሽታ እየሮጠ እያለ ከጎኑ እየሮጡ መጻፍ ማለት ይህ ነው።

ስጋቴ ሌላ ነው። ገንዘቡም፣ ትኩረቱም፣ መኪናውም ከወረርሽኙ ጋር መጥቶ ከወረርሽኙ ጋር ይሄዳል። “ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ” እንኳ አንሆንም፤ እኛስ ጅቡ ሲሄድ እንተኛለን። የዝግጁነት ምርምር የሚሠራው ግን በሁለት ወረርሽኞች መካከል ባለው ጸጥታ ውስጥ ነው። ማንም በማያጨበጭብበት ጊዜ። ሳምንታዊ ቁጥሯን የምትልክ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሜዳሊያ አይሰጣትም፤ “ዜሮ” ብላ የጻፈችበት ሳምንት ዜና አይሆንም። ዜሮው ግን ተጽፎ ካልተገኘ፣ አንዱ ሲመጣ አንድ መሆኑ አይታወቅም።

ሌላም አለ። በየዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ ስለ ወባ፣ ስለ ኮሌራ፣ ስለ ኩፍኝ የሚጻፈውን የመመረቂያ ጽሑፍ አስቡት። ተማሪው ያቀርባል፣ መምህሩ ያርማል፣ ማርክ ይሰጣል፣ በቀይ ወይም በጥቁር ክር ተጠርዞ ቤተ መጻሕፍት ይገባል። ሥነ ጽሑፍ ክፍልም ያው ነበር፤ ግን የእኛ ተማሪ ስለ ልብ ወለድ የጻፈው ባይነበብ የሚሞት ሰው የለም። ጥናቱ የተሠራበት ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ስለ ራሱ የተጻፈውን አንብቦ ያውቃል? በምን ቋንቋ? መረጃ ከገበሬው ደጃፍ ተለቅሞ ወደ እንግሊዝኛ መጽሔት ይወጣል፤ ወደ ገበሬው ደጃፍ የሚመልሰው መንገድ ግን ገና አልተጠረገም።

ስለዚህ አንድ ትንሽ ሐሳብ አለኝ፤ ባጀት የማይጠይቅ ባይባልም ብዙ የማይጠይቅ። ኅዳር 12 አለችን። ሕዝቡ ራሱ የመረጣት፣ መንግሥት ያላወጃት የወረርሽኝ መታሰቢያ ቀን። የትኛው አገር አለው እንዲህ ያለ? በዚያ ዕለት ቆሻሻው ይቃጠል፤ ጭሱ ቢቀንስ ለሳንባችንም ደግ ነበር፣ እሱ ይቆየን። ከእሱ ጋር ግን እያንዳንዱ ወረዳ አንዲት ገጽ ያውጣ። ዘንድሮ ምን ታመምን፣ ስንት ሆንን፣ ስንት ቀበርን፣ ምን አደረግን፣ ምን ከሸፈብን፣ ለሚመጣው ዓመት ምን ይዘናል የሚል። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በወላይትኛ፤ አገሩ በሚሰማው ሁሉ። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ በመስጊዱ ደጅ፣ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ተማሪዎች ያንብቡት፤ ዕድር ላይ ይነበብ። ከሸፈ የተባለውን የጻፈ ሹም ደግሞ ስለጻፈ አይቀጣ። ያ 722 ወደ 26,329 ሲወጣ የሚታገሥ መንግሥትና ሕዝብ ከሌለ፣ ቁጥሩ ወደ ዜሮ አይወርድምና።

የሚቀጥለው በሽታ ስሙ ምን እንደሆነ፣ በየት በኩል እንደሚገባ ማንም አያውቅም። ሲገባ ግን አንዲት የጤና ሠራተኛ መዝገቧን ትከፍታለች። ያለፉት 5 ዓመታት እዚያ ውስጥ ተጽፈው ታገኛቸው ይሆን፣ ወይስ ባዶ ገጽ? መልሱ የሚወሰነው ያኔ አይደለም። በዚህ ሳምንት፣ ምንም በሌለበት፣ እሷ “ዜሮ” ብላ ስትጽፍ ወይም ሳትጽፍ ስትቀር ነው።

ቸር ያሰንብተን።